ከሲዲ አልነሳም ያለው ላፕቶፕ፤ የጓሮ በሮች ታሪክ

ከፊታችን አንድ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ውፍረቱ የድሮ የስልክ ማውጫ ያክላል፤ ክብደቱን ካነሳን ደግሞ ለጉዞ ሳይሆን ለስፖርት የተሠራ ይመስላል። ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ሶኬቱ ሲነቀል አብሮ ድርግም ይላል። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ ለክረምት ሲመጡ በሻንጣ ይዘውት የገቡ ነው። ያኔ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሊያየው ይመጣ ነበር። በቅርቡ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ አገኘነው።

እዚሁ ሐዋሳ ለሁለት ጥገና ቤቶች አሳየነው። ሁለቱም ሳይከፍቱ ፈረዱበት። ‹‹ይሄ ሞቷል፤ ለቆራሌው ስጡት›› አሉን።

እኛ ግን አልተዋጠልንም። የሞተ ነገር አይበራም፤ ይሄ ግን ይበራል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ይነቃል፣ ሚሞሪውን ቆጥሮ 512 ሜጋባይት ይላል። ከዚያ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሊነሳ ይሞክርና መንገድ ላይ ይቀራል። በሊኑክስ እንተካው ብለን ሲዲ አስገባን፤ ሲዲ ማንበቢያው ትንሽ አጓርቶ ዝም አለ። ፍላሽ ሰካን፤ ጭራሽ አላወቀውም። ፍሎፒ እንዳንሞክር ቦታውም የለው።

ለመሆኑ ይሄ ማሽን ሞቷል ወይስ በሩ ተዘግቶበት ነው? ጥያቄውን ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ ከ30 ዓመት በላይ የሚዘልቅ ታሪክ ውስጥ ገባን። በታሪኩ ውስጥ የኛም አገር አለች፤ አማርኛም አለ። እነሆ ያገኘነውን። (‹‹ዓ.ም.›› ካላልን በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ዘበኛው

ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም፤ ሊኑክስም አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ባዮስን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። በእጁ የስም ዝርዝር ይዟል፤ መጀመሪያ ፍሎፒን፣ ቀጥሎ ሃርድ ዲስክን፣ ቀጥሎ ሲዲን እያለ ይጠይቃል። ከዲስኩ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ብቻ ነው። መጨረሻቸው ላይ 55 እና ኤኤ ተብለው የሚጻፉ ሁለት ባይቶች ካገኘ ‹‹ይለፍ›› ይላል። ካላገኘ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ዝርዝሩ ካለቀ ደግሞ ጥቁሩን ስክሪን ያስታቅፋችኋል።

ዘበኛው ትጉ ነው፤ ግን የማያውቀውን እንግዳ አያስገባም። የመጀመሪያዎቹ ላፕቶፖች ሲሠሩ ደግሞ ሲዲ የሙዚቃ ዕቃ እንጂ ኮምፒዩተር የሚያስነሳ ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ቋንቋቸው አይገጥምም። ፍሎፒና ሃርድ ዲስክ በ512 ባይት ቁራሽ ሲነበቡ የዳታ ሲዲ ቁራሽ ግን 2,048 ባይት ነው።

በጃንዋሪ 1995 የፊኒክስ እና የአይቢኤም መሐንዲሶች መላ ዘየዱ። መላው እንደ እውነቱ ከሆነ ማታለል ነበር። ሲዲው ውስጥ የአንድ ፍሎፒ ሙሉ ቅጂ ይቀመጣል፤ ሲዲው ዘበኛው ፊት ሲቀርብ ‹‹ፍሎፒ ነኝ›› ይላል፤ ዘበኛውም ያልፈዋል። ይህ ስምምነት ኤል ቶሪቶ ይባላል። ስሙ መሐንዲሶቹ ሐሳቡን ሲያወጡ ከበሉበት ካሊፎርኒያ ካለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት የተወሰደ ነው እየተባለ ይወራል።

ከ1995 በፊት የተሠሩ ላፕቶፖች እንግዲህ ከሲዲ አይነሱም። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ስምምነቱን አጉል የተከተሉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ሲዲ ማንበቢያቸው ከውጭ በካርድ የሚሰካ ስለነበር ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ይሠራል እንጂ ራሱ አያስነሳም። የኛው ላፕቶፕ ከእነዚህ ከሁሉም አይደለም፤ ዘበኛው ሲዲን በደንብ ያውቃል፤ የማንበቢያው ሌንስ ነው የደከመው። በሽታው ይለያያል፣ ጦሱ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሀብታም አገር ላፕቶፕ አዲስ ሆኖ ይገዛል፣ ሦስት አራት ዓመት ይሠራል፣ ሲዲው መነጫነጭ ሲጀምር ይቀየራል። ወደኛ የሚመጣው ያኔ ነው። እንደ ሰልባጅ ልብስ ሁሉ ሰልባጅ ላፕቶፕም የሚደርሰን ቁልፉ ሲላላ፣ በሩ ሲጎብጥ ነው። ስለዚህ በኒውዮርክ ላለ ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሆነው የጓሮ በር ፍለጋ ለኛ ዋናው መግቢያ ነበር።

የፍሎፒ ዘመን

ሊኑክስ ራሱ የተወለደው ሲዲ ሳያስፈልገው ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ኦገስት 25 ቀን 1991 ‹‹ለመዝናኛ ያህል›› የሚሠራውን ሲስተም ለዓለም ሲያስታውቅ ነገሩ በፍሎፒ የሚዞር ነበር። በጁላይ 1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ያወጣው የስላክዌር የመጀመሪያ ቅጂ በ24 ፍሎፒዎች ተከፋፍሎ ነበር የመጣው። አንዱን ታስገባላችሁ፣ ያነባል፣ ‹‹ቀጣዩን አምጣ›› ይላል፤ ታስገባላችሁ። 23ኛው ላይ አንዷ ፍሎፒ ከተበላሸች ከ1 መጀመር ነው።

ያም ሆኖ የፍሎፒ መንገድ ዕድሜው ረዘመ። ሲዲ ዓለምን ከወረሰ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በ2005 እንኳ፣ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ3.1 ቅጂው ላይ የማስነሻ ፍሎፒዎችን አብሮ ያቀርብ ነበር። ፍሎፒው ዘበኛውን አሳምኖ ይገባል፤ ቀሪውን ከሲዲው ወይም ከኔትወርክ ይጎትታል። የሠሪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ከበር አይመለስ። ማንም ነጋዴ ያንን ያህል አይጨነቅም። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ገዢ አይደለማ!

ላም አለኝ በሰማይ

አሁን ወደኛ እንምጣ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጃንዋሪ 1997 ነው፤ አቅራቢው አንድ ብቻ፣ እሱም የመንግሥት ቴሌ። የስልክ መስመር ላይ የሚሰካው ሞደም በወረቀት ላይ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ያወርዳል። አንድ የሊኑክስ ሲዲ 700 ሜጋባይት ነው እንበል። ሒሳቡን ሠራነው፤ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ሞደሙም በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ከ29 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በደቂቃ እየታሰበ በሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብሎ 29 ሰዓት! በፍሎፒ እንቅዳው ብትሉ ደግሞ ወደ 500 የሚጠጉ ፍሎፒዎች ያስፈልጋሉ።

በዚህ መሐል ነው ከደቡብ አፍሪካ አንድ ደግ ሰው ብቅ ያለው። በ2002 በገዛ ገንዘቡ ጠፈር ደርሶ የተመለሰው ማርክ ሻትልወርዝ በኦክቶበር 2004 ኡቡንቱን አወጣ። ስሙ ከዙሉና ከኮሳ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደ ማለት። ከዚህ ይበልጥ ግን የነካን ሌላ ነገር ነው። ሺፕኢት በሚባለው አገልግሎት አድራሻውን ለሞላ ሁሉ የታተመ ሲዲ በነፃ፣ የፖስታውንም ከፍሎ፣ ይልክ ነበር። እስከ ኤፕሪል 2011 ድረስ ላከ።

ሐዋሳ በእነዚያ ዓመታት ተማሪ እየበዛባት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የሐዋሳን፣ የወንዶ ገነትንና የዲላን ኮሌጆች አጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው ተቋም በ1998 ዓ.ም. ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለተማሪ ሲዲ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ከውጭ ሲመጣለት በዓል ነው። የካርቶኑ ልባስ፣ የሕትመቱ ጥራት፣ ‹‹ቅዳውና ለሌላው ስጠው›› የሚለው ፈቃድ! ሶፍትዌር መቅዳት እንደ ሌብነት ሳይሆን እንደ ጽድቅ የተቆጠረበት አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነበር።

ከዚያስ? ሲዲውን ይዞ ቤት መግባት፣ ላፕቶፑ ውስጥ መክተት፤ ላፕቶፑ ሲዲውን ገልመጥ አድርጎ ዊንዶውስ 98ን ያስነሳል። ሲስተሙ በእጅ ነው፣ ማሽኑም በእጅ ነው፣ በመሐላቸው ግን ዘበኛው ቆሟል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው።

አራቱ የጓሮ በሮች

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የቸገረው የሊኑክስ ወዳጅም በማይገባበት መግባት ጀመረ። በዓለም ዙሪያ የተሞከሩት መላዎች ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን አራት ናቸው።

የመጀመሪያው በጠላት ቤት በኩል መግባት ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ካለና ከተነሳ፣ ዘበኛውን ምን አደከመን? የሊኑክስን ማስነሻ ፋይሎች ሃርድ ዲስኩ ላይ መቅዳትና ከውስጥ መቀስቀስ ይቻላል። በዶስ ዘመን ይህን የሚሠራው ሎድሊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር። በ2007 ደግሞ ዴቢያን ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ የዴቢያንን ማስጀመሪያ የሚያመጣ ፕሮግራም አወጣ፤ የተሰራጨበት ገጽ ስም ‹‹ደህና ሁን ማይክሮሶፍት›› የሚል ነበር። ቀጥሎ በኤፕሪል 2008፣ ማለትም ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ኡቡንቱ 8.04 ዉቢን ይዞ መጣ። ዉቢ ኡቡንቱን እንደ ማንኛውም የዊንዶውስ ፕሮግራም ይጭናል፤ ካልተስማማችሁም እንደዚያው ታነሱታላችሁ። የሃርድ ዲስክ ክፍልፋይ መንካት የለም፣ ‹‹የአባቴን ፋይል አጠፋሁ›› ብሎ መደንገጥ የለም።

ዉቢ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ጉድለቱም ለኛ አገር የተሠራ ይመስል ነበር። መላው ኡቡንቱ ዊንዶውስ ውስጥ እንዳለ አንድ ትልቅ ፋይል ስለሚቀመጥ ማሽኑ ሳይዘጋ በድንገት ከጠፋ የመበላሸቱ ዕድል ከወትሮው ይበልጣል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት ሳይናገር በሚሄድበት ከተማ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አንነግርም። ኡቡንቱ በ2013 ዉቢን ተወው።

ሁለተኛው በር አማላጅ መላክ ነው። ዘበኛው ፍሎፒን ያምናል፣ ሲዲን አያምንም። ስለዚህ ስማርት ቡት ማናጀር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ፍሎፒ ላይ ይጻፋል። ዘበኛው ፍሎፒዋን ያስገባል፤ ፍሎፒዋ ደግሞ ዞር ብላ ሲዲውን በእጁ ይዛ ታስገባዋለች። ሽማግሌ ልኮ እንደ መታረቅ ነው። ፕሎፕ የሚባለው ሌላው አማላጅ ይህንኑ ለፍላሽ አደረገ። ፍላሽን ከነመፈጠሩ የማያውቁ ማሽኖች በፕሎፕ አማላጅነት ከፍላሽ ተነሱ።

ሦስተኛው በር ካቻቢቴ ነው። ለኛ የሚቀርበው ይሄ ነበር ብንል አንሳሳትም። ሃርድ ዲስኩን ከላፕቶፑ መፍታት፣ ሌላ ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ መግጠም፣ እዚያ ሊኑክስን መጫን፣ መልሶ ላፕቶፑ ውስጥ መክተት። የድሮ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ 44 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ የዴስክቶፑ ገመድ 40 ቀዳዳ ብቻ ነው። በመሐል ትንሽ ማገናኛ ያስፈልጋል። እግሯ ከጎበጠች ደግሞ በመርፌ ማቃናት ነው።

ይህ መላ የሠራው ሊኑክስ ከዊንዶውስ የሚለይበት ጠባይ ስላለው ነው። በአንድ ማሽን ላይ የተጫነ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሌላ ማሽን ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ የለመደውን ማዘርቦርድ ያጣዋልና። ሊኑክስ ግን በተነሳ ቁጥር ያለበትን ቤት እንደ አዲስ ዞሮ ያያል። የሚሳሳተው የሃርድ ዲስኩ ስም ሲለወጥበት ነበር፤ እዚያ ሁለተኛ የነበረው እዚህ አንደኛ ሲሆን። ኡቡንቱ በ2006 ዲስኮችን በተራ ስማቸው ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥር መጥራት ሲጀምር ይህም ችግር ቀለለ።

አራተኛው በር ኔትወርክ ነው። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ፒኤክስኢ የሚባል ስምምነት አወጣ፤ ማሽኑ ምንም ዲስክ ሳይኖረው በኔትወርክ ገመድ ‹‹የሚያስነሳኝ አለ?›› ብሎ ይጮኻል፤ ሌላ ኮምፒዩተር ‹‹አለሁ›› ብሎ ማስነሻውን ይልክለታል። የታሰበው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነበር። ድሆች ግን ሁለት ላፕቶፕና አንድ ገመድ ይበቃናል አሉ። ይህን በር አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

ሲዲ ያልነበረው አረንጓዴ ላፕቶፕ

በዚያው ዘመን ከሲዲ የማይነሳ ላፕቶፕ በሺዎች አገራችን ገባ። ግን ተበላሽቶ አይደለም፤ ታስቦበት እንጂ። የአሜሪካው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ይፋ ያደረገው ‹‹ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ›› የተባለ ፕሮጀክት ኤክስኦ የምትባል ነጭና አረንጓዴ ትንሽ ላፕቶፕ ሠራ። ሲዲ የላትም፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም የላትም። 256 ሜጋባይት ሚሞሪና 1 ጊጋባይት ማስቀመጫ ነበራት። ውስጧ ያለው ሊኑክስ ነው። ከ2008 ጀምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉት ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላት ነበር።

አስቡት፤ ትልልቆቹ ሊኑክስን በካቻቢቴ ሊያስገቡ ሲታገሉ ልጆቹ ተጭኖ መጣላቸው። ይሁንና ኤክስኦም የራሷ ዘበኛ ነበራት። እንዳትሰረቅ ተብሎ የማስነሻ ሲስተሟ ተቆልፏል፤ ሌላ ሲስተም መጫን የፈለገ ‹‹የገንቢ ቁልፍ›› የሚባል ነገር ከፕሮጀክቱ መጠየቅ ነበረበት። ቁልፉ ለጠየቀ ይሰጣል፤ ግን መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ መጀመሪያ በሩ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በ2012 የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስቀናናል። ያው ፕሮጀክት በኦሮሚያ ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ ለአንደኛ ክፍል ዕድሜ ልጆች 40 ገደማ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ታብሌቶቹ አንድሮይድ ነበሩ፤ አንድሮይድ ደግሞ ከሥር ሊኑክስ ነው። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተቆለፈውን ሲስተም ከፍተው፣ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ አሠሩት። ማንም አላስተማራቸውም። ‹‹እዚህ በር አይነካም›› ያላቸውም አልነበረም። ምናልባት ምስጢሩ እሱ ይሆን?

ከገቡ በኋላስ?

እንግዲህ በሩ ተከፈተ፣ ሊኑክስ ተጫነ እንበል። በየትኛው ቋንቋ ያናግረናል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ውጭ አገር ይኖሩ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል በሥርዓት የሚጽፉበት ሴራ የሚባል ዘዴ አወጡ። በ1997 ኢማክስ የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር መጻፊያ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሊኑክስን ኖም ዴስክቶፕ ወደ አማርኛ መተርጎም ያዘ። በማይክሮሶፍት በኩል የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ጋር የመጡት ከቪስታ ጋር ነው፤ በ2007። በነፃ ሠራተኞች ጉልበት አማርኛ በሊኑክስ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አልተጠቀምንበትም? እዚህ ላይ ራሳችንን ማሞካሸት አይገባም። ስንት መከራ ታይቶበት ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ወር ሳይሞላው ወደ ክራክ ዊንዶውስ ይመለስ ነበር። ምክንያቶቹን እናውቃቸዋለን። ሊኑክስ ‹‹ይህን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላምጣ?›› ሲል ኢንተርኔት የለንም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ስለነበር ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ዝርግፍ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለኛ ዊንዶውስም ‹‹ነፃ›› ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ቢጠብቅ ሱቁ ውስጥ የሚቀዳው ሲዲ አዋጅ አንባቢ አልነበረም። ፈረንጅ ሊኑክስን ይወድ የነበረበት አንዱ ምክንያት ዋጋው ነበር፤ ያ ምክንያት እኛ ጋ ከበር ተመለሰ።

የቀረው ሁለተኛው ምክንያት ነበር፤ ከፍቶ ማየት፣ መለወጥ፣ አሮጌውን ማስነሳት መቻል። ያንን ግን በጊዜው ዋጋ አልሰጠነውም። ሲስተሙን እንጂ ችሎታውን ልብ አላልነውም።

ዘበኛው ሲጠነክር

ጊዜው ያለፈበት ወሬ መስሏችሁ ከሆነ ቆዩን። በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከ2017 በፊት የወጡ ፕሮሰሰሮችን በአብዛኛው አይቀበልም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየኮምፒዩተር ማሠልጠኛው ያሉ ስንትና ስንት ደህና ማሽኖች ‹‹ሞተዋል›› ሊባሉ ነው ማለት ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ቆራሌውም ያው ነው።

የአሁኑ ዘበኛ ደግሞ የድሮው አይደለም። ከ2012 ወዲህ ከዊንዶውስ 8 ጋር የተለመደው ሴክዩር ቡት ሁለት ባይት አይቶ አያሳልፍም፤ ፊርማ ይጠይቃል። በኮምፒዩተር ላይ ብዙ ጊዜ ልታጠፉት ትችላላችሁ። በኪሳችን ባለው ስልክ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ልብ በሉ፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊኑክስ ይዟል። ሊኑክስ አሸንፎ ኪሳችን ገባ፤ በሩ ግን ከውጭ ተቆልፎ ነው የገባው። ስልኩ ‹‹አርጅቻለሁ›› ሲል ካቻቢቴም አማላጅም አይሠራም።

ሊኑክስም ራሱ እያረጀ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ አይዘልቅም። ኡቡንቱ በ2017 ለ32 ቢት ማሽኖች የሚሆን ዴስክቶፕ ሲዲ ማውጣት ተወ። እስከ መጨረሻው የታገሠው ዴቢያን እንኳ በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ ቅጂ ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ አላዘጋጀም። እንደ ጠረጴዛችን ላፕቶፕ ላሉት የቀረው በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ የሚያበቃውም በጁን 2028 ነው። ሁሉም አሮጌ ማሽን ይዳን እያልን አይደለም። ብዙ መብራት የሚበላ፣ የሚቃጠል ሽታ የሚያወጣ፣ ለተማሪ ከመጥቀም ይልቅ ጊዜ የሚገድል ማሽን አለ፤ እሱ በክብር ይሰናበት። የምንለው ፍርዱ ከምርመራ በኋላ ይሁን ነው።

ወደ ጠረጴዛችን

የኛን ላፕቶፕ መረመርነው። አንደኛው በር ዝግ ነው፤ ዊንዶውሱ ራሱ አይነሳም። ሁለተኛውም ዝግ ነው፤ አማላጅ የምትሆን ፍሎፒ ቦታ የላትም። ለሦስተኛው ባለ 44 እግሩን ማገናኛ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ዞርን፤ አንዳንዱ ሻጭ ምን እንደሆነም አላወቀው። አንዱ ግን ፈገግ ብሎ ‹‹ይሄን ከየት አስታወሳችሁት?›› አለን፤ ድሮ ሦስት ነበሩት፣ ጥሏቸዋል።

የቀረው አራተኛው ነው። የባዮሱን ዝርዝር ከፍተን ኔትወርክን አንደኛ አደረግነው። ከመካከላችን የአንዷን ላፕቶፕ አስነሺ አደረግናትና በመሐላቸው አንድ ገመድ ዘረጋን። የመጀመሪያው ቀን እንቢ አለ። ሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ። ሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከሐይቁ በኩል ነፋሱ መንፈስ ሲጀምር፣ አሮጌው ላፕቶፕ በገመዱ ‹‹የሚያስነሳኝ አለ?›› አለ፤ የጓደኛችን ላፕቶፕ ‹‹አለሁ›› አለችው።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ የዴቢያን መጫኛ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቋንቋ ምረጥ የሚል ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ወደ ታች አንሄድም፤ አማርኛ በላቲን ፊደል ተራ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ከ2009 ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል፤ እኛ ካቻቢቴ ስንፈልግ፣ ክራክ ስንቀዳ፣ ላፕቶፑ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲለብስ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ኖሯል። መረጥነው። ማሽኑ በአማርኛ አናገረን።

የአጎታችን ላፕቶፕ አሁን ፈጣን አይደለም፤ ብዙ ገጽ ከከፈታችሁበት ያለቅሳል። ግን ይጽፋል፣ ያነባል፣ የሰፈር ልጅ ኪቦርድ ይለማመድበታል። እናንተም ቁም ሣጥናችሁ ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ የተፈረደበት ሳይኖራችሁ አይቀርም። ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት ሶኬት ላይ ሰኩትና ማብሪያውን ተጫኑ። ማራገቢያው ከዞረ የሞተ የለም፤ በር ፈልጉለት። ያንን ማገናኛ ደግሞ ካገኛችሁ አትጣሉት። ለኛ አቆዩልን።